ሜካኒካል ይሙላ ወይስ ይቅርበት?

በዓመት አንድ ሰሞን ስልካችን ይጨናነቃል። የፍሬሽማን ዓመት አልቆ የዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ ማለት ነው። ለበዓል እንኳን ደውሎልን የማያውቅ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የጓደኛ ታናሽ እህት፣ ሁሉም ያን ሰሞን ቁጥራችንን ከየትም ብለው ያገኙታል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ሜካኒካል እንዴት ነው?» በእኛ አገር «እንዴት ነው» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሦስት ጥያቄ አዝሎ ነው የሚመጣው። ይከብዳል ወይ? ሥራ ይገኝበታል ወይ? ደመወዙስ ስንት ነው? አራተኛውን፣ ማለትም «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠሩት?» የሚለውን የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ ማኪያቶው በእኛ ሒሳብ ነው ብለን ከተስማማን ዓመታት አልፈዋል። እስካሁን የጋበዝነው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ይህ ወሬ ስለ እሱ ነው።

እኛ ሦስት ነን። በአንድ ዶርም አድረን፣ በአንድ ዲፓርትመንት ተምረን፣ በ2010 ዓ.ም. በአንድ ቀን ጋዎን የለበስን ሜካኒካሎች። (የተማርንበትን ግቢ ስም አንጠራም፤ በኋላ ስለ ቶርኖው የምናወራው ስላለ ጨዋነቱ ይበጃል።) አንዳችን ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ የሚደወልለት እሱ ነው። ሁለተኛችን የውኃ ፓምፕ በሚገጥም ትንሽ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ የወሩን ግማሽ አቧራ ላይ ነው። ሦስተኛችን ባንክ ነው። አዎ፣ ባንክ። አምስት ዓመት ሙሉ እንፋሎት በስንት ዲግሪ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሸከም ሲያሰላ የከረመ ሰው አሁን የብድር ማመልከቻ ይገመግማል፤ ከረባቱም ያምርበታል። ሦስታችን ተገናኝተን በሜካኒካል ጉዳይ ተስማምተን አናውቅም። ስለዚህ እዚህ ላይ «እኛ» ስንል አንድ ሐሳብ ይዘን መጣን ማለታችን አይደለም፤ እየተጨቃጨቅን መጣን ማለታችን ነው።

ልጁ የባንኩ ጓደኛችን ታናሽ ወንድም ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ከተፈታኙ 5.4 በመቶው ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣበት ዓመት። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት ዓመታት 3.3 እና 3.2 በመቶ ስለነበሩ፣ እንግዲህ 5.4 እንደ መሻሻል ተቆጥሮ እልል ያልንበት ዓመት ነው። በዚያች ጠባብ በር ሾልኮ፣ ፍሬሽማንንም በጥሩ ውጤት ለጨረሰ ልጅ ምርጫው የምር ምርጫ ነው። ሶፍትዌር ቢል ይደርሰዋል። ሲቪል ቢል ይደርሰዋል። ኤሌክትሪካልም እንዲሁ። እሱ ግን ሜካኒካል አለ።

የእኛ ዘመን ሌላ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የመጣውን 70/30 የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባ 100 ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሄድ የወጣው ፖሊሲ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ስኳር ፋብሪካ ይተከላል፣ ባቡር ይዘረጋል፣ ግድብ ይገደባል፤ ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅስ መሐንዲስ ደግሞ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ችግሩ መሐንዲሱ ከፋብሪካው ቀድሞ ደረሰ። ሲቪሎቹን ግንባታው ጥቂት ዓመት አቆያቸው። ሜካኒካሉ ግን ሥራው የሚሽከረከር ነገር ያለበት ቦታ ነውና የሚሽከረከረው እስኪመጣ ቆሞ ጠበቀ። የተመራቂና የኮብልስቶን ቀልድ የገነነው በዚያ ዘመን ነው፤ ሁላችሁም ስለምታውቁት አንደግመውም።

እኛ ሦስታችን ወደ ሜካኒካል የገባነው ደግሞ አስበንበት አይደለም። ቅጹ ላይ አንደኛ ብለን የሞላነው ሌላ ነበር። ምደባው ሲለጠፍ ስማችንን ሜካኒካል ሥር አገኘነው፤ አንድ ቀን ተኮራረፍን፣ በማግስቱ ደብተር ገዝተን ክላስ ገባን። ልጁ ሲጠይቀን የደነገጥነው ለዚህ ነው። እኛ አንድም ቀን ወስነን የማናውቀውን ነገር እንዴት ልወስን ብሎ ነው የመጣው።

ስለ ትምህርቱ መጀመሪያ የነገርነው የቶርኖውን ታሪክ ነው። ስታቲክስ፣ ዳይናሚክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ፍሉይድ ሜካኒክስ፣ ማሽን ኤለመንትስ፣ እነዚህ ሁሉ በነጭ ሰሌዳና በችከላ ያልፋሉ። ዎርክሾፕ የምንገባው ግን በሳምንት አንዴ ነበር። አርባ ተማሪ፣ አንድ የሚሠራ ቶርኖ። ሁለት ሌሎች ነበሩ፤ አንዱ ከመጣበት ሣጥን አልወጣም፣ ሌላው ደግሞ አንዲት የተሰበረች ጥርስ የምትተካለትን ጥርስ እየጠበቀ ነበር። (ስንመረቅም ይጠብቅ ነበር። ሰላም ብለነው ወጣን።) ቴክኒሺያኑ ብረቱን አሥሮ ያዞራል፤ ፊት የቆሙት ያያሉ፣ ኋላ የቆሙት ፊት የቆሙትን ያያሉ። ከዚያ ሁላችንም ሪፖርት እንጽፋለን። ዛሬ ላይ ሆነን የሚገርመን የማሽኑ ማነስ አይደለም፤ ድህነት ነው፣ እንረዳለን። የሚገርመን በሜካኒካል ዲፓርትመንት ግቢ ውስጥ አንድ የተበላሸ ማሽን አምስት ዓመት ሲቆም፣ «እስቲ እናንተ ፈታችሁ ያችን ጥርስ ሥሩ» ብሎ ለተማሪ የሰጠ ሰው አለመኖሩ ነው። ከዚያ የተሻለ ፈተና ከየት ይመጣ ነበር?

ነገሩ የገባን አራተኛ ዓመት ላይ ለአንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕ ስንወጣ ነው። የፓምፑ ጓደኛችን የደረሰው ስኳር ፋብሪካ ነበር። ስኳር ፋብሪካ ለሜካኒካል ተማሪ እንደ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሸንኮራው ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ ቦይለር ውስጥ ገብቶ ይነድዳል፣ ውኃው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፣ ተርባይኑ መብራት ይሰጣል፣ የተረፈው እንፋሎት ደግሞ ጭማቂውን ያፈላል። ሰሌዳ ላይ ራንኪን ሳይክል ብለን በአራት መስመር የሳልነው ነገር ፎቅ የሚያህል ሆኖ፣ እየጮኸና እያላበ ፊቱ ቆመ። እዚያ አንድ አዛውንት ቴክኒሺያን ነበሩ። ረጅም ካቻቢቴ ያወጡና ጫፉን የሚዞረው ማሽን ብረት ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ትንሽ ቆይተው «ይህቺ ኩሽኔታ ሁለት ሳምንት አላት» ይላሉ። ጓደኛችን ቀን ቆጠረ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተች።

ኩሽኔታ ካልን አይቀር አንድ ነገር ጣል እናድርግ። የሐበሻ መካኒክ በጣሊያንኛ ነው የሚሠራው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ራሱ ቶርኖው ጭምር ከጣሊያን የቀሩ ቃላት ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ኩሽኔታው ቤሪንግ፣ ፍሪሲዮኑ ክላች ይሆናል። አንድ ተመራቂ ዲግሪውን ይዞ ጋራዥ ሲገባ ዕቃውን በሥዕል ያውቀዋል፣ በስሙ ግን አያውቀውም፤ መካኒኩ ደግሞ በስሙም በድምፁም ያውቀዋል፣ ቀመሩን ግን አይቶት አያውቅም። ሁለቱ አንድን ብረት ከሁለት ወገን ይዘው ሳይተያዩ ይኖራሉ። በዚህች አገር የሜካኒካል ትልቁ ጉድለት የቱ ነው ብትሉን ከቤተ ሙከራው በፊት የምንጠራው ይህንን ነው።

ልጁ ማኪያቶውን እየጠጣ «እሺ፣ ግን ምንድን ነው የምትሠሩት?» ሲል ደግሞ ጠየቀ። ባንኩ ሳቀ። ሁለታችን ግን ተሽቀዳደምን።

መጻሕፍቱ ላይ ያለው ሥዕል አያታልልህ አልነው። የጄት ሞተርና የውድድር መኪና ነው የሚያሳዩህ። እዚህ ያለው ሜካኒካል ሌላ መልክ አለው። ይህችን ከተማ ውሰድ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። በዚህ ከፍታ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የተጻፈለትን ጉልበት እዚህ አይሰጥህም። ወደ እንጦጦ የሚወጣው አሮጌ ሚኒባስ የሚያቃስተው ወያላው ትርፍ ስለጫነ ብቻ አይደለም፤ አየርም አንሶት ነው። ውኃው እንኳ 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ንፍሮው ለምን እንደሚዘገይ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ፈተና ላይ አልመጣልንም። የመጣልን ሞተር ሁሉ በባሕር ወለል ላይ የቆመ ነበር። ባሕር በሌለው አገር!

የኤሌክትሪክ ምጣዱንም ውሰድ። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል 300 እና ከዚያ በላይ እንደማብራት ነው። ሙቀቱ ከሥር ከተዘረጋው ሽቦ ተነሥቶ በወፍራም ሸክላ ውስጥ አልፎ ነው ሊጡ ጋ የሚደርሰው። ሸክላ ደግሞ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ሰነፍ ነው። እንጀራው እኩል የሚበስለው በዚሁ ስንፍናው ነው፤ ቆጣሪው የሚቆጥረውም በዚሁ ስንፍናው ነው። ሸክላውን ምን ያህል ብናሳሳው ሳይሰነጠቅ ይቆያል? ወደ ታች የሚባክነውን ሙቀት በምን እንያዘው? ሽቦው እንዴት ቢጠመዘዝ ጠርዙ ሳይበስል መሐሉ አያርርም? ይህ ሙሉ የሂት ትራንስፈር ጥያቄ ነው፤ መልሱም ወር በገባ ቁጥር እናትህ በምትከፍለው ሒሳብ ላይ ይታያል። ምርጥ ምድጃና ላቀች ምድጃ ማገዶና ከሰል የሚቆጥቡት በተአምር አይደለም፤ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ እሳቱ የት እንደሚባክን ስላሰበ ነው። የወፍጮ ቤቱ፣ የዳቦ ቤቱ፣ የጉድጓድ ፓምፑ፣ የቡና ማጠቢያው፣ ሁሉም ዘንድ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተቀምጦ ጠያቂ ይጠብቃል።

ልጁ ማስታወሻ ይይዝ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ባንኩ ሳቁን ያቆመው።

ወደ ቤቱ እንሂድ። አባታቸው ጋሼ መካኒክ ናቸው። ጎተራ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ አላቸው፤ በልጅነታቸው መሣሪያ አቀባይ ሆነው ጀምረው ይኸው ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። እጃቸውን ስትጨብጡት ጥቁሩ መስመር አይለቅም፤ ለሰርግ እንኳ አይለቅም። እኛ ስንመረቅ ድንኳን ጥለው ያበሉን እሳቸው ናቸው። ስለ ሜካኒካል ሲነሣ የሚሉት ነገር አንድ ነው፤ «እኔ ሁለቱን ያስተማርኩት ከዚህ ቅባት ላወጣቸው ነው። ትልቁ ወጣልኝ።» ትልቁ ማለት ባንኩ ነው። ሜካኒካል ተምሮ ባንክ መግባቱን እንደ ኪሳራ አይቆጥሩትም፤ ደንበኞቻቸውን ሳይቀር እሱ ዘንድ ሒሳብ እንዲከፍቱ ይልካሉ። እናታቸው ደግሞ ሶፍትዌር ብለዋል። «ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር ዶላር ያገኛል አሉ» ይላሉ። አልተሳሳቱም፤ የሚያገኝ አለ።

የጋሼን ንግግር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ይህች አገር ብረት የሚነካ እጅን የምታይበት ዓይን ረጅም ታሪክ አለው። ቀጥቃጩን ማረሻና ጦር እያሠራች ቡዳ ስትለው ኖራለች። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አሠርተው እስከ መቅደላ አስጎተቱ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሙያተኛን በሥራው የሚሰድበውን የሚገሥጽ አዋጅ እስከማውጣት ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ መልኩን ቀየረ እንጂ የትም አልሄደም። «ኢንጂነር» የሚለውን ቃል ከስም ፊት እንደ ደጃዝማች እንለጥፈዋለን፤ ያው ኢንጂነር ቱታ ለብሶ መኪና ሥር ሲተኛ ካየነው ግን «ተምሮ ተምሮ እዚህ?» እንላለን። ወላጅ የሚፈልገው ማዕረጉን ነው። ሜካኒካል ግን ማዕረጉን ከቅባቱ ለይቶ አይሸጥም።

ታዲያ ይሙላ ወይስ ይቅርበት? እዚህ ላይ ነው የተጣላነው።

ባንኩ ይቅርበት አለ። ከተመረቀ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሟል። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲያገኝ ሦስት መቶ ሰው ተሰልፎ ያገኘዋል። «ወንድሜ እንደኔ የፎቶ ኮፒ ገንዘብ ሲለምን ማየት አልፈልግም» አለ፤ ይህን ሲናገር ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት ነበር። አንደበቱ የተያዘው ለወንድሙ ነው ወይስ ለራሱ፣ አልጠየቅነውም። ዛሬ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተጨምሮበታል፤ አምስት ዓመት ለፍተህ በር ላይ ሌላ ፈተና ይጠብቅሃል።

የሐዋሳው ይሙላ አለ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ የአጎዋን ዕድል ስትዘጋ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ አንዳንዱ ድርጅት ጠቅልሎ ሲወጣ በዓይኑ ዓይቷል። ከሰፊውም ከአስተዳደሩም ሰው ሲቀነስ እሱን ያተረፈው ሌሊት ሌሊት የቆመ ማሽን ማስነሣቱ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ የመለዋወጫው ዋጋም አብሮ ጋለበ። «ድሮ አዲስ እዘዝ ይሉኝ ነበር፤ አሁን መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይሠራል ወይ ብለው ነው» አለ። ያቺን ዕቃ ለክቶ፣ ሥሎ፣ ብረቱን መርጦ አቃቂ ወይም ምናለሽ ተራ ወስዶ የሚያሠራ ሰው ዋጋው ጨምሯል። አገሪቱ የገዛችውን ብረት ቁጠሩ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አብዛኞቹ መለዋወጫ እያጡ ቆሙ። ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. በ13 ተርባይኖች ተመረቀ፤ ተርባይን ደግሞ ሪባን ስለተቆረጠለት አይጸድቅም፤ ኩሽኔታው፣ ማቀዝቀዣው፣ ንዝረቱ ገና ለአሥርት ዓመታት ጠባቂ ይፈልጋል። ጥገና የሚባለውን ነገር እንደ ሁለተኛ ደረጃ ሥራ ማየታችን ሳይሆን አይቀርም ያከሰረን።

የፓምፑ ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። አንድ ቀበሌ ሄዶ ስምንት ወር የቆመ ፓምፕ ከፍቷል። የተበላሸችው ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት የጎማ ማሸጊያ ነበረች። ስምንት ወር ሙሉ ሴቶቹ ወደ ወንዝ ተመልሰው ነበር፤ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት። ፓምፑን የተከሉት ሰዎች ስማቸውን በትልቁ ጽፈው ሄደዋል፤ የማሸጊያዋን ልክ ግን የጻፈ አልነበረም። «ሥራ አለው ወይ ለምትሉኝ፣ ሥራ ሞልቷል፤ የሌለው ቀጣሪ ነው» አለ። ባንኩም ቀበል አድርጎ «ልጁ የሚበላው ግን ከቀጣሪ ነው» አለው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልጁ ይህንን ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ተሸክሞ ነው ቅጹን የሚሞላው፤ ከሁለት አንዱን ብቻ የነገርነው ቢሆን ኖሮ ባልበደልነው።

በዚህ መሐል የኤሌክትሪክ መኪናው ነገር መጣ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጋሼ እንቅልፍ የላቸውም። እንጀራቸው ሞተር ማውረድ ነው። ይህ አዲሱ መኪና ፒስተን የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፣ ማርሚታ የለው፣ ዘይት ቀይሩልኝ አይል። «ይኸው፣ የምትሞላው ትምህርት ከነ አባትህ ጋራዥ ሊዘጋ ነው» አሉት ልጁን አንድ ቀን በእኛ ፊት።

ከሳምንት በኋላ አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለውን መኪና ይዞ መጣ። ፍጥነት ሲጨምር ከፊት በኩል እንደ ንብ ያጉረመርማል። ሁለት ቦታ ወስዶት «ሞተሩ ነው፣ እኛ አንነካውም» ብለውታል። ጋሼም ኮፈኑን ከፍተው የብርቱካን ቀለም ገመዶቹን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጁ ግን ደንበኛው አጠገብ ተቀምጦ አብሮ ነዳ፤ ወደ ግራ ሲታጠፉ ድምፁ ይጨምራል፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ይቀንሳል። ሲመለስ «ወደ ግራ ስንታጠፍ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ይወድቃል። የቀኝ ፊት ኩሽኔታ ነው» አለ። ጋሼ ቀና ብለው አዩት። መኪናውን አንሥተው ጎማውን በእጃቸው አዞሩት፣ ካቻቢቴያቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ጎማውን መፍታት ጀመሩ።

ያን ማታ ለልጁ የቀረውን ነገርነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ጥርስ አለው፤ ባትሪው ደግሞ ሲግል ዕድሜው ያጥራልና እሱን ማቀዝቀዝ የሂት ትራንስፈር ሥራ ነው። ከሞላህ ግን ከኤሌክትሪካሎቹ ጋር ተወዳጅ፤ ማሽኑ ሁሉ አሁን አንጎል አለው፣ ስለ መቆጣጠሪያው ካላወቅህ ብረቱን ብቻ ይዘህ ትቀራለህ። ክረምት ክረምት ጋራዥ ግባ፣ የጣሊያንኛውንም የእንግሊዝኛውንም ስም እወቅ። ግቢ ውስጥ የቆመ ቶርኖ ካየህ እስኪሰለቹህ ድረስ ልፍታው ብለህ ለምን። ኢንተርንሺፕ ስትወጣ ወረቀት የሚያስሞላህን ቢሮ ሳይሆን ማሽን የሚቆምበትን ቦታ ምረጥ። ገንዘቡን ቶሎ ከፈለግህ፣ የቤት ኪራይ ወይም የሚጦር ሰው ካለብህ፣ ሶፍትዌሩ ሳይቀድምህ አይቀርም፤ ይህንንም አልደበቅነውም፤ አያሳፍርምም። ብረት ሲበላሽ «ለምን?» ማለት የማይበላህ ከሆነ ደግሞ ስሙ ብቻ አምስት ዓመት አያዘልቅህም። ባንኩ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔ እኮ የበላኝ ነበር» አለና ዝም አለ። እኛም ዝም አልን።

ቅጹ ዓርብ ይዘጋል። ልጁ አንደኛ ሜካኒካል፣ ሁለተኛ ኤሌክትሪካል ብሎ ሞልቶ አሳየን፤ «ላክ» የሚለውን ገና አልተጫነም። ጋሼ ስሙን አላነሡም፤ ብቻ ትናንት ደውለው «ያ የባትሪ ማቀዝቀዣ ያላችሁት ትምህርት ስንተኛ ዓመት ላይ ነው የሚሰጠው?» ሲሉ ጠየቁን። እናታቸው ግን ልጃቸው ሶፍትዌር የሞላ መስሏቸው ለዕድርተኛው ሁሉ አውርተዋል፤ ማን እንደሚነግራቸው ሦስታችን እስካሁን አልተስማማንም።